የካርት ውድድር ለመጀመር ለምታስቡ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማርኩት

የካርት ውድድር (ጣሪያ የሌላቸው፣ ለመሬት በጣም ቅርብ የሆኑ ትንንሽ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች የሚፎካከሩበት ስፖርት) ስጀምር የ34 ዓመት ሰው ነበርኩ። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በአዳራሽ ውስጥ በደቂቃ የሚከራዩ ካርቶችን ስነዳ ቆይቼ፣ ስሜ በውጤት ሰሌዳው ላይ ከላይኞቹ አምስት መካከል መታየት ሲጀምር ለእውነተኛ ውድድር የደረስኩ መስሎኝ ነበር። የውድድር ካርት ለመጀመሪያ ጊዜ በነዳሁበት ቀን ግን ከስምንት ደቂቃ በኋላ መሪ የምጨብጥበት ጉልበት አልቀረኝም። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ጓንቴን ያወለቀልኝ ከጎኔ የቆመ የማላውቀው ወጣት ነው። የሚከራየው ካርት በዙሪያው ባለው መከላከያ የተነሣ ከባድ ነው፤ ጎማውም ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ ጠንካራ ሆኖ የተሠራ ነው። የውድድር ካርት ግን ከነሞተሩ 80 ኪሎ ግራም አካባቢ ብቻ ይመዝናል፤ ለስላሳው ጎማው ደግሞ መሬቱን አንቆ ስለሚይዝ፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የሚፈጠረው ኃይል በሙሉ የሚያርፈው በነጂው ክንድ፣ አንገትና ጎድን ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ በስምንት ወር ውስጥ ከስሕተቶቼ የተማርኩትን ሌላው ጀማሪ በአንድ ወር እንዲያውቀው ነው። አቋሜን ከመነሻው ግልጽ ላድርገው፦ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብና ሐሳብ መዋል ያለበት በሞተር ላይ ሳይሆን በወንበር፣ በጎማና ትራክ (የውድድር መንገድ) ላይ በሚያልፍ ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ካርት እንዴት እንደሚታጠፍ መናገር ይኖርብኛል፤ ይህን ሳያውቁ መንዳት መጀመር፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ከተሽከርካሪው ጋር መታገል ነው።

ካርት ሞላም አሞርዛተርም ዲፈረንሻልም የለውም። መኪና ሲታጠፍ የውጩ የኋላ ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲሽከረከሩ ዲፈረንሻሉ ይፈቅድላቸዋል። በካርት ላይ ግን ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኝ ዘንግ) ላይ ስለታሰሩ የግድ እኩል ይዞራሉ። ሁለቱም መሬት ላይ ተጭነው እስካሉ ድረስ ካርቱ የሚፈልገው ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብ ሊታጠፍ የሚችለው የውስጡ የኋላ ጎማ ለአፍታ ከመሬት ሲነሣ፣ ወይም ቢያንስ ሸክሙ ሲቀልለት ነው። ይህንን እንዲያደርግ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩበት ዘንግ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሆኖ ይሠራል፤ መሪው ሲዞር የውስጡ የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ የውጩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሻንሲውም (የካርቱ የብረት አጽም) ወደ አንድ ጎን ተጠማዝዞ የውስጡን የኋላ ጎማ ያነሣዋል።

ይህን ያስተማሩኝ በትራኩ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ካርቴ አልታጠፍ እያለ ወደ ውጭ እንደሚወጣብኝና ምናልባት የሞተር ኃይል እንደጎደለው ስነግራቸው፣ ከኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አውጥተው በግራው የኋላ ጎማ ሥር አስገቡ። «ልጄ፣ እስኪ ግባና ተቀመጥ» አሉኝ። ካርቱ እንደቆመ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ እንዳዞር አዘዙኝ፤ ወረቀቷን በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጓት ያለ ምንም መጎተት ወጣች። ከዚያም መሪውን ቀጥ እንዳደርግ ነግረውኝ መልሰው አስገቧትና እንደገና ሲስቧት ተቀደደች። «ካርትህ ጤነኛ ነው። አልታጠፍ ያለው አንተ ስላልፈቀድክለት ነው» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ለማለት የፈለጉት በኋላ ገባኝ። ወደ መታጠፊያው ስገባ መሪውን በፍርሃት በጥቂቱ ብቻ ስለማዞረው ጎማው የሚነሣበት መጠን ላይ አልደርስም ነበር፤ ካርቱ ሳይታጠፍ ሲቀር ደግሞ ደንግጬ ይበልጥ እያዞርኩ መታጠፊያውን እስክጨርስ እንደያዝኩት እቆያለሁ። ትክክለኛው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። መግቢያው ላይ መሪውን በእርግጠኝነት፣ ግን ሳይነጥቁ አዙሮ ጎማውን ማንሣት፣ ካርቱ አቅጣጫ እንደያዘ ወዲያውኑ ቀስ በቀስ እየፈቱ ጎማው በመውጫው ላይ ወደ መሬት እንዲመለስ ማድረግ ነው። መሪውን አጥብቆ የያዘ ነጂ የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ያደርጋቸዋል፤ የሞተሩም ድምፅ በመውጫው ላይ ታፍኖ ይሰማል። ይህን የታፈነ ድምፅ ለመለየት ጆሯችሁን ካሠለጠናችሁ ግማሹን ትምህርት አገኛችሁ ማለት ነው።

እጄን ማላላት ያቃተኝ ግን በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ካርቱን የገዛሁት ከእኔ በጣም ከሚገዝፍ ሰው ስለነበረ ወንበሩ ለእርሱ አካል የተመረጠ ነበር። በካርት ላይ ቀበቶ የለም፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሰውነትን ይዞ የሚያስቀረው ወንበሩ ብቻ ነው። ወንበሩ ሲሰፋብኝ ከመንሸራተት የሚያድነኝ መሪው ብቻ ሆነ፤ መሪ እንደ መወጣጫ ብረት ከተያዘ ደግሞ ስሜት አይሰጥም፣ አይፈታምም። በአምስተኛው የልምምድ ቀኔ የቀኝ ጎድኔ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ደጋግሞ ሲጋጭ ውሎ ማታ መተንፈስ አቃተኝ። ሐኪሙ አጥንቱ እንዳልተሰበረ፣ ነገር ግን ክፉኛ እንደተጎዳ ነገረኝ፤ ለአምስት ሳምንታትም ካርት ላይ አልወጣሁም። የጎድን መከላከያ የሚለበሰው ጎድን ከተጎዳ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ዙር በፊት ነው። ከራስ ቁር ቀጥሎ መገዛት ያለበት ዕቃ እርሱ እንደሆነ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ስለ ወንበር ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው ነገር ነውና። በብዙ የአዋቂ ምድቦች ካርቱና ነጂው በአንድነት ማሟላት ያለባቸው ዝቅተኛ ክብደት ከ155 እስከ 170 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ይህም ማለት ከሚመዘነው ግማሽ ያህሉ የእናንተ ሰውነት ነው፤ የሰውነታችሁን ቦታ የሚወስነው ደግሞ ወንበሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት 43 በመቶ ያህሉ በፊት፣ 57 በመቶ ያህሉ በኋላ ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ ይፈለጋል። ወንበሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ የካርቱን ጠባይ በግልጽ ይለውጠዋል። የሚስማማ ወንበር ሲገቡበት ትንሽ መታገል የሚጠይቅ፣ ከገቡ በኋላ ግን ዳሌንና ጎድንን ሳይቆነጥጥ አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ሙሉ ልብስና የጎድን መከላከያ ለብሳችሁ ለኩት እንጂ በሸሚዝ አትለኩት። ስለ ቦታው ደግሞ የሻንሲው አምራች ወንበሩ ከአክስሉና ከፊተኛው ቱቦ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት መለኪያ ያወጣል፤ በእርሱ ጀምሩ። የእኔ አዲስ ወንበር በተገጠመ ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ በአንድ ዙር ከአንድ ሰከንድ በላይ ፈጥኛለሁ። በዚያው ሰሞን ሞተሬን ለማስከፈትና ለማሳደስ ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ቀጠሮውን ሰረዝኩት።

ስለ ሞተር ስንናገር፣ ይህ ስፖርት እንዴት እንደተወለደ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አርት ኢንግልስ የተባለ፣ የውድድር መኪና በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ካርት ሲሠራ፣ የተጠቀመበት ለሣር ማጨጃ የተሠራ፣ 2.5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትንሽ ሞተር ነበር። ያቺን ያዩ ሁሉ ለራሳቸውም መሥራት ጀመሩ፤ በ1964 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ሰውን የሳበው ኃይሉ ሳይሆን ለመሬት ቅርብ ሆኖ የመንዳቱ ስሜት ነው። ዛሬ ጀማሪ አዋቂ የሚገጥሙት ምርጫዎች በአመዛኙ ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ አራት ምት ሞተር ነው፤ ለምሳሌ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን 206 ሞተር ከፋብሪካው ታሽጎ ስለሚመጣ ማንም ከፍቶ ሊያሻሽለው አይችልም፣ ዘይቱን እየቀየሩ ለረጅም ጊዜ ይነዱታል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ምት 125 ሲሲ ሞተር ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ሮታክስ ማክስና የኢያሜ ኤክስ 30 ሞተሮች በአዋቂዎች ምድብ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣሉ፣ ይበልጥ ይፈጥናሉ፣ ይበልጥም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ማርሽ የሚቀያየርባቸውና የፊት ፍሬን ያላቸው ካርቶችም አሉ፤ እነርሱ ግን የጀማሪ ዕቃ አይደሉም።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ሰዎች ሲከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ በአቅራቢያችሁ ባለው ትራክ ላይ ብዙ ተወዳዳሪ ያለበትን ምድብ ምረጡ። ብዙ ሰው ባለበት ምድብ መለዋወጫ በቀላሉ ይገኛል፣ የምትጠይቁት ሰው አይጠፋም፣ ከኋላም ብትሆኑ የምትፎካከሩት ሰው ታገኛላችሁ። ብቻውን የሚሮጥ ጀማሪ መፍጠኑንም መዘግየቱንም አያውቅም። ዕድሜው የገፋ ሰው ካለ ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ፤ ብዙ ክለቦች ከ30 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ላሉ ሰዎች የማስተርስ ምድብ አላቸው፣ ክብደት ላላቸው ሰዎችም የተለየ ምድብ የሚያዘጋጁ አሉ።

ያገለገለ ካርት ስትገዙ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ካርቱን አስገልብጡና ሆዱን እዩ። የሻንሲው ቱቦዎች ከመሬት ጋር እየተፋተጉ ጠፍጣፋ ከሆኑ፣ በተለይም በመገጣጠሚያዎቹ አጠገብ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ወይም እንደገና የተበየደ ቦታ ካለ፣ ተዉት። ከዚያ ካርቱን በመቆሚያው ላይ አስቀምጣችሁ የኋላውን አክስል በእጅ አሽከርክሩት፤ ቢወላገድ ታጥፏል ማለት ነው፣ እያንቋረረ ቢዞር ደግሞ ኩሽኔታው አልቋል። የሚሻለው በዚያው ትራክ፣ በዚያው ምድብ ሲወዳደር ቆይቶ ካርት ከሚቀይር ሰው መግዛት ነው፤ ስንት ጥርስ ያለው የካቴና ማርሽና ምን ያህል የጎማ አየር ይጠቀም እንደነበር ጨምሮ ይነግራችኋል። እኔ ግን በፎቶግራፍ ብቻ አይቼ ከሩቅ ሰው ገዛሁና የወንበሩን ዕዳ ከፈልኩ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት። የካርት ልብስ ከመኪና ውድድር ልብስ ይለያል። የመኪናው እሳትን እንዲከላከል የተሠራ ነው፤ የካርቱ ግን ነጂው ቀበቶ ስለሌለው በግጭት ጊዜ ተወርውሮ አስፋልት ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል መፋተግን እንዲቋቋም ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዱን በሌላው አትተኩ። የራስ ቁሩ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ በክለባችሁ ደንብ የተፈቀደ ምልክት ያለውና ወድቆ የማያውቅ ይሁን፤ ያገለገለ የራስ ቁር አትግዙ።

ወደ ትራክ ስትወጡ የመጀመሪያ ቀናችሁን ውድድር በሌለበትና ሰው በሚያንስበት ቀን አድርጉት። ጎማው እስኪሞቅ ድረስ ሁለትና ሦስት ዙር በትዕግሥት ንዱ። በአብዛኛዎቹ ካርቶች ፍሬን ያለው በኋላ አክስል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መሪው ዞሮ እያለ ፍሬን በኃይል ከተረገጠ ካርቱ ወዲያውኑ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እያላችሁ ፍሬናችሁን አብዛኛውን ጨርሱ። ግራ እግር ለፍሬን፣ ቀኝ እግር ለነዳጅ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መርገጥ ፍሬኑን ያቃጥላል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ከትራክ ልትወጡ ስትሉ ወይም ካርታችሁ ሲበላሽ አንድ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው የሚያየው ሌላ ምልክት የላችሁም። ባንዲራዎቹንም በቃላችሁ ያዙ፦ ቢጫ አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው፤ ሰማያዊ በዙር የሚቀድማችሁ ሰው መጥቷልና አሳልፉት፤ ቀይ ውድድሩ ቆሟል፤ ብርቱካናማ ክብ ያለበት ጥቁር ደግሞ ካርታችሁ ብልሽት ስላለው ውጡ ማለት ነው። ሰማያዊ ባንዲራ ያየ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ደንግጦ ከመስመሩ ድንገት ይወጣል፤ ይህ ከማገድ የከፋ አደጋ ነው። በመስመራችሁ በእርጋታ ቀጥሉ፣ የሚቀድመው ሰው መንገዱን ራሱ ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የምትለውጡት ነገር የጎማ አየር ብቻ ይሁን። እንደ ጎማው ዓይነትና እንደ አየሩ ሙቀት ከ0.6 እስከ 1.0 ባር ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል፤ የ0.05 ባር ልዩነት እንኳ በነጂው ይታወቃል፣ ስለዚህ ጥሩ መለኪያ ግዙ፣ ሁልጊዜም በዚያው መለኪያ ለኩ። ፈጣን አንድ ዙር አትፈልጉ። አሥር ተከታታይ ዙሮችን እርስ በርስ በ0.3 ሰከንድ ልዩነት ውስጥ መንዳት ስትችሉ ለውድድር ደርሳችኋል፤ ከዚያ በፊት በካርቱ ላይ ያደረጋችሁት ለውጥ ይሥራ ወይስ እናንተ ራሳችሁ ተለዋውጣችሁ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

የመጀመሪያ ውድድሬ ቀን በምዝገባ፣ በካርት ምርመራና ለነጂዎች በሚሰጠው ማብራሪያ ተጀመረ፤ ከዚያ ልምምድ፣ ሁለት አጫጭር ማጣሪያዎችና የመጨረሻው ውድድር ተከታተሉ። ከኋላ እንድነሣ ራሴ ጠይቄ ነበር፤ በአንዳንድ ክለቦች ለአዲስ ነጂ ግዴታም ነው፣ እኔም በጣም እመክረዋለሁ። በመነሻው ላይ ሁለት ረድፍ ሆነን እየተንከባለልን መጥተን ምልክቱ ሲሰጥ፣ ከፊቴ የነበሩት 16 ካርቶች በአንድ ጊዜ ወደ ጠባቡ የመጀመሪያ መታጠፊያ ሲገቡ አራቱ ተጋጩ፤ እኔ ከኋላ ስለነበርኩ በቀኝ በኩል ባገኘሁት ክፍተት በዝግታ አለፍኩ። በመጨረሻው ውድድር 11ኛ ሆኜ ጨረስኩ። ደስታዬ ግን የቆየው ሚዛኑ እስኪደርስ ነው። ከነካርቴ ስመዘን ከተፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት በ1.2 ኪሎ ግራም አንሼ ተገኘሁ፤ ውጤቴም ተሰረዘ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጠዋት የተመዘንኩት የነዳጅ ጋኑ ሙሉ እያለ ነው፤ ለመጨረሻው ውድድር ግን ካርቱ እንዲቀልልኝ ብዬ በቂ ነው ያልኩትን ያህል ብቻ ቀዳሁ። አንድ ሊትር ነዳጅ ወደ 750 ግራም ይመዝናል፤ በሙቀት ቀን ነጂውም በላብ ይቀንሳል። የሚመዘነው ደግሞ ውድድሩ ሲያበቃ፣ ጋኑ በተጋመሰበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ጋኑን ባዶ አድርጌ እመዘናለሁ፣ ከዝቅተኛው ክብደት በላይም አንድ ኪሎ ግራም እጨምራለሁ። ክብደት ለመሙላት የሚጨመረው የእርሳስ ብረት በወንበሩ ላይ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ጠብቆ መታሰር አለበት፤ በውድድር መካከል ተፈቶ የሚበር እርሳስ ሰው ሊገድል ይችላል።

ከትራክ ስትመለሱ ካርቱን አጽዱ፤ ጽዳት ራሱ ምርመራ ስለሆነ ማለቴ ነው። በጨርቅ እየጠረጋችሁ ስትሄዱ የላላውን ዳዶ፣ የተሰነጠቀውን ቱቦ፣ ዘይት የሚያፈስሰውን ቦታ ጣታችሁ ያገኘዋል። ካቴናው በመሃሉ በጣት ሲጫን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መላላት አለበት፤ ከዚያ የጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል፣ የላላ ደግሞ ይዘላል። ሞተራችሁ ባለ ሁለት ምት ከሆነ፣ ቅባቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅ ስለሆነ፣ በ2 በመቶ ሲደባለቅ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ መጠኑን ግን ከሞተሩ አምራች መመሪያ አረጋግጡ። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ሞተሩን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጣብቆ ያቆመዋል። እኔ የተደባለቀውን ጀሪካን በቀይ ፕላስተር እጠቀልለዋለሁ፤ ንጹሑን ቤንዚን ጨርሶ ወደ ትራክ ይዤ አልሄድም።

በመጨረሻም ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በየቀኑ የአየሩን ሙቀት፣ የጎማውን አየር ከመውጣታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ፣ የካቴናውን ማርሽ ጥርስ ብዛት፣ የዙር ሰዓታችሁንና ካርቱ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ምን እንዳደረገ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ጓንታችሁን ካወለቃችሁ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ካልተጻፈ ስሜቱ ይጠፋል። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ «ካርቱ አይታጠፍም፣ ሞተሩ ደካማ ነው» ይላል። ያቺን የተቀደደች ወረቀት በዚያው ገጽ ላይ ለጥፌያታለሁ።